ዘይቱን ይዛችሁ ስትሄዱ ፋጉሎውን ለማን ትታችሁ ነው?

አዝመራው እንዴት ነው? ኑጉ ከአውድማ ገባ?

ሰሞኑን ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አብዛኛው ስለ ዘይት ነው። «የትኛው መጭመቂያ ይሻላል?»፣ «በስልክ ላይ ያየሁትን ማሽን ልግዛ ወይ?»፣ «የፋብሪካ ዘይት ኬሚካል አለው ይባላል፣ እውነት ነው?»፣ «ኑጌን ሸጬ የሚረጋውን ዘይት ብገዛ አይረክስም?» የሚሉ ናቸው። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ግን ታገሡኝ፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሐሳቤን ከፊት ለፊት ልናገር። የዘይት አወጣጥ ዘዴ ስናወዳድር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ሊትር ይወጣል?» ይህ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ግማሹን ብቻ ስለምንጠይቅም በየዓመቱ ከመጭመቂያ ቤት ደጃፍ ሀብታችንን ጥለን እንመለሳለን። ሌላው ግማሽ «ፋጉሎው የማን ነው?» የሚለው ነው። እኔ የምለው ይኸው ነው፦ ኑግ ለሚያመርትና ላም ላለው ገበሬ ጥሩው ዘዴ ብዙ ዘይት የሚያወጣው ሳይሆን፣ ዘይቱንም ፋጉሎውንም በእጁ ይዞ እንዲመለስ የሚያደርገው ነው።

አሁን አንድ በአንድ እንይ።

መጀመሪያ ኑጉን እንወቀው

ኑግ የዚችው አገር ልጅ ነው። ሳይንሱም ስሙን ጉይዞቲያ አቢሲኒካ ብሎ በአገራችን ጠርቶታል። ከእኛ ሌላ በብዛት የሚያመርቱት ሕንዶች ናቸው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋ፣ በወለጋ የማያውቀው ገበሬ የለም። የተለያየ ቢሆንም በአብዛኛው ከክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ለሂሳብ እንዲመቸን 38 በመቶ እንበል። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ንጹህ ኑግ ውስጥ 38 ኪሎ ዘይት አለ፤ ቀሪው 62 ኪሎ ዘይት ያልሆነ ነገር ነው። ፕሮቲን አለው፣ ገለባ አለው፣ ትንሽ ውሃም አለው።

ይህን 62 ኪሎ አትርሱት። ከዘይቱ ይበልጣል እኮ! የትኛውም ማሽን፣ የትኛውም ኬሚካል፣ የትኛውም ሙቀጫ ዘይት አያደርገውም። ፋጉሎ ሆኖ ይወጣል። ጥያቄው ያ ፋጉሎ ምን ያህል ዘይት ይዞ ይወጣል፣ በማን ጆንያስ ይገባል የሚለው ነው።

አራቱ ዘዴዎች

አንደኛው የእናቶቻችን ዘዴ ነው። ኑጉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በፈላ ውሃ ይማሰላል፣ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ይቀዳል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት የመጣው ከዚያው ሙቀጫ ነው። ማሽን አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም። ግን በዚህ ዘዴ ካለው ዘይት ግማሹን ማግኘት እንኳ ይቸግራል። ማገዶው፣ ውሃው፣ የሴቶቹ ጉልበት ደግሞ አለ። ከሁሉ የከፋው የሚቀረው ነገር እርጥብ መሆኑ ነው፤ የዚያኑ ቀን ለከብት ካልተሰጠ ይሻግታል። «የድሮው ይሻላል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚሉት ግን ዘነዘና የሚያነሱት አይደሉም። ለአንድ ቀን ወጥ ይሆናል፤ ለዓመት ቀለብ አይሆንም።

ሁለተኛው የእጅ መጭመቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ በረጅም እጀታ በጉልበት የሚሠራ መጭመቂያ ወጥቶ ነበር። የታሰበው ቅርፊቱ ስስ ለሆነ የፈረንጅ ሱፍ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ጉልበት ይጨርሳል፣ በቀን የሚጨምቀው ጥቂት ነው፣ በፋጉሎው ውስጥ የሚቀረውም ዘይት ብዙ ነው። ፋጉሎው 16 በመቶ ዘይት ይዞ ቢወጣ ከ38 ኪሎው ወደ 12 ኪሎ የሚጠጋው እዚያው ቀርቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው በየወረዳ ከተማው የምታውቁት በሞተር የሚሠራው መጭመቂያ ነው። ኤክስፔለር ይሉታል። በውስጡ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ብረት አለ። ዘሩን እየገፋ ወደ ጠባብ ቦታ ይወስደዋል፣ ግፊቱ ዘይቱን በጎን ያወጣዋል፣ ፋጉሎው በጫፍ በኩል ይወጣል። በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ፋጉሎው ከ6 እስከ 10 በመቶ ዘይት ይዞ ይቀራል። 10 በመቶውን ይዘን እናስላ፦ ከአንድ ኩንታል 31 ኪሎ ዘይትና 69 ኪሎ ያህል ፋጉሎ ይወጣል።

አራተኛው የትልልቅ ፋብሪካዎች የሟሚ ዘዴ ነው። ዘሩ መጀመሪያ ይጨመቃል ወይም ይደፈጠጣል፤ ከዚያ ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ ይታጠባል። ሄክሴኑ ዘይቱን አሟሙቶ ይዞት ይወጣል። በ69 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በሙቀት ተንኖ ይለያል፣ ቀዝቅዞ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ዘዴ ፋጉሎው ላይ የሚቀረው ዘይት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ38 ኪሎው 37 ኪሎው ይወጣል።

እንግዲህ «ስንት ይወጣል?» ብቻ ካልን አሸናፊው ሄክሴን ነው፤ ነገሩ አለቀ። ግን አላለቀም።

«ኬሚካል ነው፣ መርዝ ነው» ለሚሉት

መጀመሪያ ይህን ላጥራ፤ በሐሰት መከራከር አልወድም። በስልካችሁ «የፋብሪካ ዘይት በቤንዚን የታጠበ መርዝ ነው» የሚል ነገር ይዞራል። ልክ አይደለም። ሄክሴኑ ከዘይቱ በሙቀት ይወጣል፤ ከዚያ ዘይቱ ይጣራል፣ ሽታውም በእንፋሎት ይወሰዳል። የአውሮፓ ሕግ በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሄክሴን እንዳይቀር ይከለክላል። ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ይችላል።

የሄክሴን አደጋው ያለው ፋብሪካው ውስጥ ነው። ትነቱ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ትልቅ ካፒታል፣ የሠለጠነ ሰውና ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንም ሰው «በቤት ውስጥ በቤንዚን ወይም በሌላ ነገር ዘይት ማውጣት ይቻላል» ብሎ ቢነግራችሁ አትስሙት። ሞት ነው፣ በእሳትም በሆድም።

ደግሞ ፋብሪካዎቹ ሄክሴን የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው። አኩሪ አተርን ውሰዱ። ዘይቱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በኤክስፔለር ተጨምቆ ፋጉሎው ላይ 7 በመቶ ቢቀር ካለው 20 ኪሎ 6ቱን አጣ ማለት ነው፤ ሲሶው ሊሆን ምንም አልቀረው። በኑግ ግን ከ38ቱ 7 ያህሉ ነው የሚቀረው፣ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለአኩሪ አተር ፋብሪካ ግድ የሆነው ነገር ለኑግ ገበሬ ግድ አይደለም። ዘዴው እንደ ዘሩ ነው። «ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል» የሚባል ነገር የለም፤ ለማን? ለየትኛው ዘር? ብላችሁ ጠይቁ።

የቀረው ዘይት የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። በኤክስፔለር ፋጉሎው ላይ 7 ኪሎ ዘይት ቀረ አልን። ፋብሪካው ይህን «ብክነት» ይለዋል፣ ለፋብሪካ ልክ ነው። ለእናንተስ?

ፋጉሎው እናንተ ቤት ከገባ ብክነት አይደለም። ላሟ ትበላዋለች። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን አለው። የጤፍ ጭድ ስንት አለው? 5 በመቶ ቢሆን ነው። በበጋ ላም በጭድ ብቻ ስትውል ወተቷ የሚነጥፈው ለዚህ ነው። በቀን 2 ኪሎ ፋጉሎ ከጭድ ጋር ብትሰጧት፣ ከአንድ ኩንታል ኑግ የወጣው 69 ኪሎ ለአንዲት ላም ለ34 ቀን ይበቃል። ያውም ሣር በጠፋበት ወቅት። የቀረባት ዘይትም ጉልበት ይሆናታል።

ፋጉሎው መጭመቂያ ቤት ከቀረ ግን ያ 7 ኪሎ ዘይትም፣ ያ ሁሉ ፕሮቲንም የሌላ ሰው ነው። ካመጣችሁት መቶ ኪሎ ውስጥ 69ኙን ጥላችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው! በኋላ ደግሞ በመጋቢት ከብቱ ሲከሳ ያንኑ ፋጉሎ በኪሎ ትገዛላችሁ። የራሳችሁን!

ብዙ ቦታ ያለው ልማድ እንዲህ ነው፦ «ዘይቱ ለእናንተ፣ ፋጉሎው ለእኛ፣ የማስጨመቂያ ዋጋ የለም።» ነጻ ይመስላል። እኔ ነጻ አልለውም። በጥሬ ገንዘብ የማይከፈል ዋጋ ሁሉ ነጻ አይደለም። ከዚያም በላይ ይህ ውል የባለ ማሽኑን ጥቅም ከእናንተ ጥቅም ጋር ያጋጫል። ፋጉሎው የእሱ ከሆነ ማሽኑን አጥብቆ ዘይታችሁን ለማውጣት ምን ያተጋዋል? ወፍራምና ቅባታም ፋጉሎ ቢቀርለት ደግሞ ይጨምቀዋል፣ ወይም በደህና ዋጋ ይሸጠዋል። ሁሉም ባለ ማሽን እንዲህ ያደርጋል አላልኩም፤ ብዙ ሐቀኛ ሰዎች አሉ። ግን ሐቀኛውንም የሚፈትን ውል መጥፎ ውል ነው።

ባለ ማሽኑም መኖር አለበት፤ ይህንም አልክድም። መብራት ይከፍላል፣ ብረቱ ያልቃል፣ መለዋወጫ ውድ ነው። ስለዚህ «በነጻ ጨምቅልን» አንልም። «በኪሎ ዋጋ ንገረንና እንክፈልህ፣ ፋጉሎውን ግን እንወስዳለን» ነው የምንለው። ጥሬ ገንዘብ ካጠረ ከፋጉሎው ላይ በሚዛን ይህን ያህል ኪሎ ብሎ መስማማት ይቻላል። ዋናው ነገር በሚዛን መሆኑ ነው። «ፋጉሎው በሙሉ» የሚባል ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ማሽን ለሚያሻሽጡላችሁ

በስልክ ላይ የሚዞረው ሌላው ነገር «የቤት ውስጥ የዘይት መጭመቂያ፣ ቀዝቃዛ ጭመቃ፣ በወር ትርፋማ ይሁኑ» የሚል ማስታወቂያ ነው። የሚያብረቀርቅ ትንሽ ማሽን። እስኪ እናስላ። ማሽኑ በሰዓት 4 ኪሎ የሚጨምቅ ከሆነ አንድ ኩንታል ለመጨረስ 25 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሳይጠፋ፣ ሞተሩ ሳይግል። ይህ ለከተማ ሰው በሳምንት አንድ ጠርሙስ ሰሊጥ ለመጭመቅ ይሆን ይሆናል። ለገበሬ አይሆንም።

«ቀዝቃዛ ጭመቃ» የሚለውም ብዙ ሰው ያምታታል። ጠመዝማዛ ብረት ዘር ሲጨምቅ በፍትጊያ ራሱ ይሞቃል። ቀዝቃዛ የሚባለው ሙቀቱ ዝቅ እንዲል ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ የተጨመቀው ነው። ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ውድ ገዢ ላለውም ይሠራል። ነገር ግን ዘይት ያንሳል፣ ፋጉሎው ላይ የሚቀረው ይበዛል። ያን ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ገዢ በእጃችሁ ከሌለ ስሙን አትግዙ።

«እንግዲያው ተደራጅተን ትልቁን እንግዛ» የምትሉም አላችሁ። ሐሳቡን አልጠላም፣ ግን መጀመሪያ ኑጉን ቁጠሩ። በሰዓት 50 ኪሎ የሚጨምቅ ማሽን በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 4 ኩንታል ይጨርሳል። ሃያ አባወራ ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ 3 ኩንታል ብታመጡ 60 ኩንታል ነው። ማሽኑ በ15 ቀን ጨርሶት ቀሪውን ዓመት ዝገት ሲበላው ይከርማል። ብድሩ ግን አይከርምም። ከሌላ ቀበሌ ዘር የሚያመጣ ደንበኛ፣ የማያቋርጥ መብራትና ብረቱን የሚጠግን ሰው ሳይኖር ማሽን መግዛት ዕዳ መግዛት ነው። በወረዳው ከተማ ሥራ የፈታ መጭመቂያ ካለ፣ ተደራጅታችሁ ሂዱና ዋጋ ተከራከሩ። መደራጀት ለማሽን ግዢ ብቻ ማን አደረገው?

«ሸጦ የሚረጋውን መግዛት ይረክሳል» ለሚሉት

ይህ ከሁሉም ጠንካራው ክርክር ነው፣ በጥሞና ልመልሰው። የሚረጋው ዘይት የፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ ነው በደጋ ብርድ የሚጠጥረው። የኑግ ዘይት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከአሥር እጅ ሰባቱ ሊኖሌክ የሚባለው፣ ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው ስብ ነው። ለጤና የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ኑግ እላችኋለሁ። ግን እዚህ ስለ ጤና ብቻ አይደለም፣ ስለ ብርም ነው።

ሂሳቡን ራሳችሁ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ሥሩት። እንዲህ ነው፦

በአንድ በኩል የአንድ ኩንታል ኑግ የዛሬ መሸጫ ዋጋ ጻፉ።

በሌላ በኩል 30 ሊትር በምትገዙት ዘይት ዋጋ አባዙ። 31 ኪሎ ዘይት 33 ሊትር ይሆናል፤ ዝቃጩን ስንቀንስ 30 እንበል። በሱቅ ያለውን በጣም ውድ ዘይት አትውሰዱ፣ እናንተ በእውነት የምትገዙትን ውሰዱ። በዚያ ላይ 65 ኪሎ ፋጉሎ በኪሎ ዋጋው አባዝታችሁ ደምሩ። ከዚያ የማስጨመቂያውንና የትራንስፖርቱን ቀንሱ።

ሁለተኛው ከበለጠ አስጨምቁ። መጀመሪያው ከበለጠ ሽጡ፤ እኔም አልቀየማችሁም። የማልቀበለው ግን ፋጉሎውን ሳይደምሩ «አያዋጣም» ማለትን ነው። ካመጣችሁት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ዜሮ ብር ብላችሁ ከጀመራችሁማ መቼም አያዋጣም! ደግሞ ሂሳቡን በታኅሣሥ ሠርታችሁ አትተዉት። ኑግ አውድማ ላይ ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል፤ ዘይት ግን ዓመቱን ሙሉ ትገዛላችሁ።

«እንደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ያሉ ከተሞች ትልልቅ ፋብሪካ ስላላቸው ለፋብሪካው ማቅረብ አይሻልም?» የምትሉም አትጠፉም። ለገበያ የምታመርቱትን አቅርቡ፣ በማኅበራችሁ በኩል ከሆነ ዋጋም ትደራደራላችሁ። እኔ የማወራው ለቤታችሁ ስለምታስቀሩት አንድና ሁለት ኩንታል ነው። ፋብሪካ ዘራችሁን ይገዛል እንጂ የእናንተን አንድ ጆንያ ለይቶ ጨምቆ ፋጉሎውን አይመልስላችሁም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ

የመንደር ዘይት ሁልጊዜ ንጹህ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ይህን የሚሉም ያታልሏችኋል። ፋብሪካ ዘይቱን ያጣራዋል፤ የወረዳው መጭመቂያ ግን ያው ያመጣችሁትን ነው የሚሰጣችሁ። የሻገተ ኑግ ከሰጣችሁት የሻገተ ዘይትና የሻገተ ፋጉሎ ይሰጣችኋል።

ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። መቀቀልና መጥበስ አያጠፋውም። ሲጨመቅ አብዛኛው በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፣ የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይገባል። ላሟ ፋጉሎውን ስትበላ በወተቷ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት ዋናው የአፍላቶክሲን መግቢያ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። «ፋጉሎውን ውሰዱ» ብዬ ስጮህ ቆይቼ ይህን ብደብቅ ነውር ነው።

መፍትሔው ግን ፋጉሎን መተው አይደለም። እንዲያውም ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል። ከገበያ የምትገዙት ፋጉሎ ከማን ኑግ እንደወጣ፣ ስንት ወር እርጥብ ቦታ እንደተከመረ አታውቁም። የራሳችሁን ግን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ስታስጨምቁ እንዲህ አድርጉ

1. ኑጉን በሸራ ላይ ውቁ፣ በደንብ አድርቁ። መሬት ላይ ያደረ፣ ዝናብ ያገኘው ካለ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከደረቁ ጋር አትቀላቅሉ።

2. አንፍሱ፣ በወንፊት አበጥሩ። መጭና ሌላ የአረም ዘር፣ አፈርና ጠጠር ይውጣ። አፈር ዘይት ይመጣል፣ ጠጠር ብረት ይበላል። 5 ኪሎ ቆሻሻ ያለው ኩንታል 95 ኪሎ ነው፤ በኋላ «ዘይቴ አነሰ» ብላችሁ አትጣሉ።

3. ዓመቱን ሙሉ የምትበሉትን በአንድ ቀን አታስጨምቁ። የኑግ ዘይት ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ይለወጣል። ዘሩ በቅርፊቱ ውስጥ እያለ ግን ይቆያል። ጎተራው ዘር ይያዝ፣ ጀሪካኑ የጥቂት ወር ዘይት ብቻ ይያዝ።

4. ብቻችሁን ጥቂት ኪሎ ይዛችሁ አትሂዱ። ማሽኑ እስኪሞቅ የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ዘይት በደንብ አይሰጡም፤ ትንሽ የያዘ ሰው ይጎዳል። ሦስት አራት ጎረቤት፣ ንጹህ ኑግ ያላችሁ፣ አንድ ላይ ሂዱና በሚዛን ተካፈሉ። ከእናንተ በፊት የተጨመቀው የሌላ ሰው ፋጉሎ ከማሽኑ እንዲወጣ ጠይቁ።

5. ውሉን ጆንያው ሳይፈታ ጨርሱ። በኪሎ ስንት? ፋጉሎው የማን? ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ክርክር የለም።

6. መዝኑ። ይህ ከሁሉም በላይ ነው። የገባው ኑግ ክብደት ከዘይቱና ከፋጉሎው ድምር ጋር መቀራረብ አለበት። በእንፋሎትና በብናኝ ትንሽ ይጠፋል፤ ከመቶ ኪሎ ከ5 ኪሎ በላይ ከጎደለ ግን «የት ሄደ?» በሉ። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ 20 ሊትር ዘይት 18 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው እንጂ 20 ኪሎ አይደለም። በሊትርና በኪሎ መካከል እንዳትሸወዱ።

7. ፋጉሎውን በእጃችሁ እዩት። በደንብ የተጨመቀ ስስና ደረቅ ነው፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ወረቀት ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ ማሽኑ ይጥበቅ በሉ፤ ወይም ደግሞ ይጨመቅ።

8. ዘይቱን በተከደነ ንጹህ ዕቃ ሦስት አራት ቀን አስቀምጡት። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ቅዱ፣ በንጹህ ነጠላ አጥሩት። ጠብታ ውሃ አይግባበት። ፀሐይ በማያየው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልታችሁ አስቀምጡ። የፀረ ተባይ ወይም የጋዝ ጀሪካን በምንም ዓይነት፣ ታጥቦም ቢሆን፣ አትጠቀሙ።

9. ፋጉሎውን ትኩስ እንዳለ በጆንያ አትጠቅጥቁት፤ ያልባል፣ ይሻግታል። አቀዝቅዙት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጡት። የሻገተውን ለላምም ለዶሮም አትስጡ።

በመጨረሻ

አንዳንዶች «አንተ ደግሞ ለትንሽ ፋጉሎ ይህን ሁሉ ትጽፋለህ» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ አይደለም ወገኖቼ። ዓመት ሙሉ ያረሳችሁት፣ ያረማችሁት፣ ያጨዳችሁት ነው፤ ሁለት ሦስተኛው። ነጋዴውም፣ መጭመቂያ ቤቱም፣ የከተማው ወተት አርቢም ዋጋውን ያውቁታል። ስለሚያውቁት ነው የሚፈልጉት። ዋጋውን ያላወቅነው አምራቾቹ ብቻ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉንም አትለውጡ፤ አንድ ኩንታል ብቻ ሞክሩ። የገባውን ኑግ፣ የወጣውን ዘይት፣ የወጣውን ፋጉሎ፣ የከፈላችሁትን ብር በደብተር ጻፉት። ልጆቻችሁ ማባዛት ያውቃሉ፣ እነሱ ያስሉ። ከዚያ ቁጥራችሁን ላኩልኝ፤ በየቀበሌው ያለውን የማስጨመቂያ ዋጋ አንድ ላይ አድርገን ስናየው፣ በሚቀጥለው ዓመት መጭመቂያ ቤት ደጃፍ ላይ ለመከራከር የሚረዳን እሱ ነው።

ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ለእናቶች፤ ዘይቱንም ላሟንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መልካም የውቂያ ጊዜ ይሁንላችሁ።